ሦስት ባቡር፣ አንድ አውቶቡስ

ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ማዘን ከፈለጋችሁ የሚታዘንበት ገና ከፊታችሁ አለ። የማወራው ነገሩ ሁሉ ከዚያ ስለሚጀምር ነው።

ያን ጊዜ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ሥራዬ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማራገፍ ነው። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ጠባዬም ሰው የሚያቀርብ አይደለም። አፌ ላይ የመጣውን እናገራለሁ፤ የተናገርኩት ሰው ተቀይሞ ሲሄድ ደግሞ አልከተልም። ጓደኛዬ ከሱዳን ጀምሮ የሚያውቀኝ ጌታሁን የሚባል ታክሲ ነጂ ብቻ ነበር። እሱና ሚስቱ አስቴር ባይኖሩ በዓል መምጣቱንም አላውቅም።

ከሥጋ ዘመድ አንድ ታላቅ ወንድም ነበረኝ፤ ደምሴ። ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ከሁለታችን አንዱን ብቻ ማስተማር ይችል ነበርና እሱን ትምህርት ቤት ላከው፣ እኔን ወፍጮ ቤት ጆንያ አሸከመኝ። ይህን እንኳ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ካርቱም ላይ የሆነውን ነው። ሁለታችንም ስደተኞች ሆነን ለቃለ መጠይቅ ስንቀርብ፣ የሚሞላ ወረቀት ሰጡኝ። ይዤው ስቆም ጋሼ በሰው ሁሉ ፊት፣ «እሱን ተዉት፤ ፊርማው አውራ ጣቱ ነው!» ብሎ ሳቀ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ እሱን እንግሊዝ ተቀበለችው፣ እኔን አሜሪካ። ለብዙ ዓመት ድምፁን መስማት አልፈለግኩም።

አውሮራ ውስጥ ጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት ለአዋቂ ሰዎች ትምህርት ሲከፍቱ ሄድኩ። «ሀሁ እያሉ ጠልፈው ሊወስዱህ ነው» እያለ ጌታሁን ይስቅብኝ ነበር። ማንም አልጠለፈኝም። መጀመሪያ አማርኛውን፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛውን ያዝኩ። ቀስ ብዬ ነው የማነብ፤ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ግን አነባለሁ። የትምህርቱ ምክንያት አንድ ነበር፤ የሰው አፍ ላለመለመን። የሐኪም ትእዛዝ ቢሆን፣ የአውቶቡስ ምልክት ቢሆን፣ «ምን ይላል?» ብዬ ሰው ፊት ዳግመኛ ላለመቆም።

አንድ የበረዶ ወቅት የጋሼ ሚስት ጽጌ ከእንግሊዝ ደወለች። ጋሼ ሳንባውን ታሟል፤ ሊያየኝ ይፈልጋል። ቂሜ የት እንደገባ አላውቅም፤ «አገናኚኝ» አልኳት።

«ከዓርብ እስከ ሰኞ ብቻ ነው ከሥራ የሚፈቅዱልኝ» አልኩት።

«ቅዳሜና እሁድ ይበቃናል። ከለንደን እዚህ ድረስ በመኪና የሚያመጣህ ሰው አለኝ።»

«ማንም እንዳይመጣ።»

«አንተ በላይ፣ የእንግሊዝ ባቡር እኮ ያምታታል! እኔ እንኳ ስንት ጊዜ ጠፍቻለሁ።»

«አነባለሁ» አልኩት።

«ምን አልክ?»

«አነባለሁ አልኩህ። በራሴ ባቡር፣ በራሴ አውቶቡስ እመጣለሁ። የበርህን ቁጥር አንብቤ ነው የማንኳኳው።»

ሊስቅ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። አልሳቀም። ሳል ያዘው፤ ሳሉ ሲለቀው፣ «የአውቶቡሱ ፌርማታ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነው» አለኝ። «ወንበር አስጠግቼ ስትወርድ አይሃለሁ።»

የሚኖረው ኢስትቦርን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ሰው ይቀበለኝ ብዬ ቢሆን በሳምንቱ እሄድ ነበር። መንገዱን ላጥና ብዬ ጉዞውን ወደ መጋቢት ገፋሁት። ከሺፍት ስወጣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ ኮምፒውተር ላይ እቀመጣለሁ፤ የጣቢያ ስም እያነበብኩ እጽፋለሁ። በመጨረሻ ከመጋዘን ባመጣሁት ካርቶን ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩትና ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። ከቤቴ በአውቶቡስ እስከ ዴንቨር ኤርፖርት። ለንደን ስደርስ የምድር ውስጥ ባቡር፤ መሃል ላይ ወርዶ ሌላ የምድር ውስጥ ባቡር፤ ቪክቶሪያ ጣቢያ ላይ ወደ ባሕሩ የሚሄደው ባቡር፤ ከዚያ አውቶቡስ። ዓርብ ማታ ተነስቼ ቅዳሜ ከሰዓት የጋሼ በር ላይ ነኝ።

ጌታሁን ካርቶኑን ሲያይ ወገቡን ይዞ ቆመ።

«ይሄ ምንድነው? የጦር ካርታ?»

«አንብበው፤ ትችል የለ።»

«ዴንቨር መሃል ከተማ ለመሄድ እኔን የምትጠራ ሰውዬ! እንግሊዝ ጠፍተህ የንግሥቲቱን በር ስታንኳኳ ደውልልኝ፤ መጥቼ አወጣሃለሁ።»

«አንተ ራስህ በታክሲህ ፓርክ ሂል ሰፈር ውስጥ ስትሽከረከር የምታመሽ አይደለህ?»

እንዲህ ነበርን። ሁሌ እንዲህ ነበርን። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገኛል።

አሁን የምነግራችሁን እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እናንተ ግን በየቦታው እወቁት።

ከምበርበት ቀን በፊት፣ ሐሙስ፣ ጽጌ ደወለችልኝ። መጋዘን ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ስልኬ ሎከር ውስጥ ነበር። ችግር ቢመጣ ብዬ የጌታሁንን ቤት ቁጥር ሰጥቻት ነበርና እዚያ ደወለች። አስቴር አነሳች። ጽጌ እያለቀሰች ነው። «በላይ ሥራ ነው? ማን አብሮት አለ? አደራችሁን ብቻውን አትተዉት፤ ሐኪሞቹ…» ስትል የስልክ ካርዷ አለቀና ተቋረጠ።

ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልተባለም።

እናንተም እኔም የአንድ አገር ሰዎች ነን። የታመመ ሰው ሚስት ለወንድሙ መንገር ትታ ለጓደኛው ደውላ ስታለቅስ፣ ብቻውን አትተዉት ስትል፣ ምን ማለት ነው? አስቴርም የገባት ያ ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጌታሁን ከሥራ ሲገባ ፓርክ ሂል ወደሚኖሩት ሽማግሌ፣ ወደ ጋሽ ወርቁ፣ ይዟት ሄደ። ከእኛ ሰው ጋር የሚያያዝ መርዶ ሁሉ በእሳቸው በኩል ነው የሚያልፍ።

«ሞተ ብላ ነግራሻለች?» አሏት ጋሽ ወርቁ።

«በስልክ ማን እንዲህ ይላል፣ ጋሽ ወርቁ? አለቀሰች፣ አደራ አለች፣ ተቋረጠ።»

«መልሰን ብንደውልስ?» አለ ጌታሁን።

«ደውለህ ምን ልትል?»

«እንዴት ነው… ምናልባት…»

«የሐዘንተኛ ቤት ደውለህ ‹ሞተ ወይ?› ልትል ነው? ነውር አይደለም?»

ጌታሁን ያወጣውን ስልክ መልሶ ኪሱ ከተተ።

«ቅዳሜ ማለዳ ይነገረዋል» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ቅዳሜ ሰው ኦፍ ነው፤ ተሰብስበን እንይዘዋለን።»

«እሱ እኮ ነገ ማታ ይበራል!»

«አይበርም። ወንድሙ ሞቶ እሱ አውሮፕላን ላይ ምሳ እየበላ ይሂድ? ባዕድ አገር በር ላይ ለቅሶ ሲያይ ማን ይደግፈዋል? አንተ ጓደኛው ነህ፤ የምታስቀርበት መላ ፈልግ።»

መላውን እግዜር ከሰማይ ላከለት። ዓርብ ከሰዓት በረዶ ጣለ።

ሻንጣዬን በር ላይ አቁሜ፣ ካርቶኔን አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ ጌታሁን በረዶ ጃኬቱ ላይ እንደተጋገረ ገባ።

«ዛሬ የለም፣ በላይ።»

«ምኑ?»

«በረራው። ሁሉም ተሰርዟል። አሁን ከኤርፖርት መምጣቴ ነው፤ ሰው ወለሉ ላይ ሻንጣውን ተንተርሶ ተኝቷል።»

በመስኮት አየሁ። በረዶው ይወርዳል፤ ግን ኮልፋክስ ላይ መኪናው ይሄዳል፣ አውቶቡሱም ይሄዳል።

«ይሄ ነው አውሮፕላን የሚያስቀረው? በዚህስ እኔ ሥራ እገባለሁ።»

«ኤርፖርቱ ሜዳ ላይ ነው ያለ፤ እዚያ ነፋሱ ሌላ ነው። ነገ ማታ ያሳፍሩሃል። ቲኬቱን ስጠኝ፤ እኔ አስተካክልልሃለሁ።»

ሰጠሁት።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ቲኬቱ ላይ የአየር መንገዱ ስልክ ተጽፎ ነበር። ማንበብ እችል ነበር፣ መደወልም እችል ነበር። ደግሞ ጌታሁን ያን ቀን አንዴ እንኳ አልቀለደም። ባቡሩን አላነሳም፣ ካርታህ የት አለ አላለም። ያን ሁሉ ዓመት እኔን ሳይተርብ ከቤቴ ወጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል። ይህን አይቼ ምንም አልጠረጠርኩም። የሰው አፍ ላለመለመን ብዬ የተማርኩ ሰውዬ፣ በዚያች ሰዓት የሰው አፍ አመንኩ።

«ለጋሼ ልንገረው» ብዬ ስልኬን አነሳሁ።

«እዚያ እኮ አሁን መሽቷል። የታመመ ሰው ትቀሰቅሳለህ? ጠዋት ትነግረዋለህ።»

ስልኩን አስቀመጥኩት። ጌታሁን መንገዱ ተበላሽቷል ብሎ እኔ ዘንድ አደረ።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ጌታሁን ለብሶ ተቀምጧል። በሩን የከፈተው እሱ ነው። መጀመሪያ ጋሽ ወርቁ ገቡ፤ ከኋላቸው አስቴር ነጠላዋን አዘቅዝቃ፤ ከዚያ ሌሎች፣ ሌሎች፣ ክፍሏ እስክትጨናነቅ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። የሚናገር የለም። መናገርም አያስፈልግም፤ እኔ ራሴ በሰው ቤት ስንት ጊዜ እንዲህ ሆኜ ገብቻለሁ።

«ማነው?» አልኩ።

«ጠንክር፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ደምሴን እግዚአብሔር ወስዶታል።»

ወንድ ልጅ እንዴት እንደሚያለቅስ አልተርክላችሁም። ጮኬያለሁ። «ፊደል የቆጠርኩት ለሱ ነበር!» እያልኩ ነበር አሉ፤ አላስታውስም። የማስታውሰው ካርቶኑን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስመታው፣ አስቴር ቀስ ብላ ወስዳ መጽሐፎቼ ላይ በደረቱ ስትደፋው ነው። ምግብ የያዙ ሴቶች መጡ። የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ መጡ። ለእኔ! ያን ያህል ሰው ያለኝ አልመሰለኝም ነበር።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። አንዱ አንስቶ ሰጠኝ፤ ሐዘንተኛ ነኝና ሁሉም ሊያጽናናኝ ነው የሚደውል። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

«አንተ በላይ! የት ነህ? ከቪክቶሪያ ነው የጠፋኸው?»

ጋሼ ነው።

ድምፁ ቀጥኗል፣ በቃልና በቃል መካከል ያፏጫል፤ ግን ጋሼ ነው። ከጀርባዬ አንዲት ሴት «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለች ታለቅሳለች።

«ምንድነው የሚጮኸው?» አለኝ። «ጣቢያ ውስጥ ነህ?»

ምን ልበለው? ለታመመ ሰው፣ አንተን እያለቀስን ነው ይባላል? እጄን አንስቼ ቤቱን ዝም አስባልኩ።

«በረዶ ነው፣ ጋሼ። ዴንቨር በረዶ ጥሎ አውሮፕላኑ አልተነሳም። ኤርፖርት ነኝ፤ ሰው ነው የሚንጫጫው።»

የጌታሁንን ውሸት በገዛ አፌ ደገምኩለት።

«አይ፣ ተመስገን። ጠፍቶ ይሆን ብዬ ነው እንጂ። ጽጌን ስልኩን አምጪ፣ እኔው ራሴ ልጠይቀው ብያት ነው። መቼ ትመጣለህ ታዲያ?»

«ዛሬ ማታ። ቦታ ካጣሁ ነገ።»

«እጠብቅሃለሁ።» ተነፈሰ። «ግን ቶሎ በል፣ በላይ።»

በዕድሜው ለምኖኝ የማያውቅ ሰው ነው።

ስልኩን ዘግቼ ቀና አልኩ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ነው።

«ማነው?» አለች አስቴር።

«ደምሴ ነው» አልኩ። «መቼ ትመጣለህ ይላል።»

አንዷ እልል አለች። ሁለተኛዋ ተቀበለቻት። ጋሽ ወርቁ አማተቡ። ሰዎች ይሳሳማሉ፣ ትከሻዬን ይመታሉ፣ «ሙት ተነሣ!» ይላሉ፣ ይስቃሉ። ለለቅሶ የመጣው ምግብ ለደስታ ተበላ። ጌታሁን ብቻ ግድግዳው ተደግፎ ቆሞ እኔን ያያል።

«ና፣ ኤርፖርት አድርሰኝ» አልኩት። መኪናው ውስጥ ቲኬቴን መለሰልኝ።

የአየር መንገዱ ሠራተኛ ቲኬቴን አየች። ትናንት ስላልቀረብኩ ተሰርዟል። የዛሬው ሞልቷል፤ ለነገ ማታ አንድ ቦታ አለ።

«የትናንቱ በበረዶው ቀርቶ የለም ወይ?» አልኳት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

«የትናንቱ? በሰዓቱ ነው የተነሳው።»

ዞሬ ጌታሁንን አየሁት። «ላንተ ብዬ ነው» አለኝ። «ብቻህን ሆነህ እንዳትሰማ ብዬ።» ያኔ ነው ሁሉንም የነገረኝ፤ የጽጌን ጥሪ፣ የጋሽ ወርቁን ቤት፣ ሁሉን። እኔንም ምታው ምታው አለኝ። አልመታሁትም። ቢደርስበት ኖሮ ለሱ ይህንኑ አደርግለት እንደነበር አውቅ ነበር፤ ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

እሁድ ላድርስህ ሲል በሩን ዘግቼበት በአውቶቡስ ሄድኩ።

ለንደን ላይ ማንንም አልጠየቅኩም። ካርቶኔን ይዤ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ እያንዳንዱን ምልክት አነበብኩ። የመጀመሪያው ባቡር፣ ሁለተኛው ባቡር፣ ቪክቶሪያ፣ ሦስተኛው ባቡር። አንድም አልተሳሳትኩም። በመስኮት አረንጓዴ ሜዳና በግ ያልፋል፤ እኔ የጣቢያ ስም ብቻ ነው የማየው። አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ፤ የባሕሩ ጠረን መጣ፤ ፌርማታውን አንብቤ ወረድኩ።

ከመንገዱ ማዶ መስኮቱ አለ። ወንበሩም አለ፤ ብርድ ልብስ ተደርቦበታል። ጋሼ የለበትም። በሩ ተከፍቷል፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የበሩን ቁጥር አነበብኩት፤ ማንኳኳት አላስፈለገኝም። እኔ በአውሮፕላን ባሕሩን ሳቋርጥ ነው ጋሼ ያለፈው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ፊት ለፊት ልንገራችሁ። ጋሽ ወርቁ ክፉ ሰው አይደሉም። አስቴርም ክፉ አይደለችም። ጌታሁንን ሁለት ዓመት ዘግቼው ቆይቼ አሁን ሰላም እንባባላለን፤ ግን አንቀላለድም፤ ያ አልቋል። ማናቸውም ክፉ ስላልነበሩ እኔ የምጠላው ሰው አጣሁ፤ ጥላቻ ደግሞ ባለቤት ሲያጣ ወደ ራስ ይዞራል። ለምን ሰው ይቀበለኝ አላልኩም? ለምን የአየር መንገዱን ቁጥር አንብቤ አልደወልኩም? ሌሊቱን አልጋ ላይ የሚያገላብጠኝ የጌታሁን ውሸት አይደለም፤ የእኔ እልህ ነው።

ከዚያ ወዲህ መርዶ ልንነግር እንሂድ ሲሉኝ፣ «ማን አረጋገጠ? ማን ደወለ?» እላለሁ። ማንም ካልደወለ እኔ ራሴ እደውላለሁ። «ሞቷል ወይስ በሕይወት አለ?» ብዬ በዚህች ቃል እጠይቃለሁ። ነውረኛ ይሉኛል፤ ልቡ ድንጋይ ነው ይሉኛል። ይበሉ። እናንተም ነውር ነው ብላችሁ ያልደወላችሁት ስልክ ካለ፣ ይህን ወረቀት አስቀምጡና ደውሉ። በማግስቱም ተሰብስባችሁ የምትነግሩት ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ተሳፍሮ የሚደርስበት መንገድ እንዳለው እዩለት።

ሐሙስ ዕለት ጽጌ ልትለኝ የነበረው፣ ሐኪሞቹ ብዙ ቀን የለውም ማለታቸውን ነበር፤ ከቀብሩ በኋላ ስለ ቅዳሜዋም ነገረችኝ። ወንበሩን መስኮት አስጠግቶ ከምሳ ጀምሮ ተቀምጦ ነበር። ተኛ ስትለው እምቢ አለ። አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሄደ፤ እኔ አልወረድኩም። ሌላ ቆሞ ሄደ። በስልክ እንፈልገው፣ ጠፍቶ ይሆናል ብላ ስትጨነቅ፣ እጇን ይዞ ከለከላት። ቀኑ እስኪጨልምና ራሱ ስልኩን አምጪ እስኪል ድረስ፣ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር የሚላት አንድ ነገር ነበር።

«አትቸኩዪበት። እያነበበ ነው።»